ሁሉንም ተቀበል

ማሻሻያው የመጣው አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ሲበራ፣ የምንሠራበት ፕሮግራም መልኩን ለውጦ ጠበቀኝ። ቀድሞ የማስታወቂያው ሥራ ለብቻው፣ የቢሮው ሰነድ ለብቻው፣ የቀን መቁጠሪያው ለብቻው ነበር። አሁን ሦስቱም ተጋብተዋል። መልስ የሚጠብቅ ነገር ሁሉ፣ የማስታወቂያ ምክር ይሁን የሰው አስተያየት ወይም የስብሰባ ጥሪ፣ በአንድ ረጅም ዝርዝር ተደርድሮ ከታች ሰማያዊ ቁልፍ ተቀምጦለታል፤ «ሁሉንም ተቀበል»። ፕሮግራሙ የቀድሞ መልሶቼን አንብቦ ለእያንዳንዱ በእኔ አነጋገር መልስ እንደሚጽፍልኝ በትንንሽ ፊደል ተገልጿል።

አርባ አንድ ነገር ይጠብቀኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አምስት አየሁ። ሁሉም የማስታወቂያ ጉዳይ ነበሩ፤ ርዕሱን አሳጥር፣ ፎቶውን ቀይር፣ ስልክ ቁጥሩን አጉላው። ዓሣ ነባሪዎቹ እስኪመጡ ሦስት ወር ቀርቷል፤ ከእነሱ ጋር ሊዋኙ የሚመጡት እንግዶች ግን ከአሁኑ ነው የሚመዘገቡት። ተጫንኩት። አርባ አንዱም በአንድ ትንፋሽ ጠፉ። ደስ እንኳን አለኝ። ካንቤራ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የተማርኩትም የሠራሁትም ይህንኑ ነው፤ ነገርን ማፍጠን።

የእህቴ የሉሴአኔ ጠረጴዛ ከጀርባዬ ነው። የእሷ ፊት ወደ ወደቡ፣ የእኔ ፊት ወደ ግድግዳው። ከካንቤራ እንደተመለስኩ ጠረጴዛዎቹን ፊት ለፊት ላዞራቸው ስነሳ የጀልባችን ነጂ ካፎአ እጄን ያዘኝ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ቀኑን ሙሉ ፊቷን እያየህ ልትውል ነው?»

እንደ ባለጌ ነበር ያየኝ። ብዙ ነገር ረስቼ ነው የተመለስኩት። በእኛ ዘንድ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም፣ አይቀላለዱም፣ ስለ ወንድና ሴት ጉዳይማ አንዱ ባለበት ሌላው ቃል አይወጣውም። እህት ደግሞ ታናሽ ብትሆን እንኳ ከወንድሟ በላይ ናት። ሉሴአኔ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች።

ካንቤራ ሳለሁ ግን እናወራ ነበር፤ በአፍ ሳይሆን በሰነዱ ጠርዝ ላይ። እሷ እዚህ በደሴታችን ወደብ ኔያፉ ቢሮውን ይዛ፣ እኔ እዚያ ሆኜ ማስታወቂያዎቹን እጽፋለሁ። ሰነዱን ሁለታችንም እንከፍተዋለን። እሷ ከጎኑ አስተያየት ታስገባለች። «ጸጥ ያለ ባሕር» ብዬ ከጻፍኩት አጠገብ «ዛሬ እናታችን ሾርባ ጠጣች» ብላ ጽፋ አገኛለሁ። ከጀልባዎቹ መነሻ ሰዓት አጠገብ፣ «አባታችን ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጊልኝ አለኝ። ባሕሩን እያየ እንቅልፍ ወሰደው።» ይህ ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት ነው። እኔ የምመልሰው ምን ነበር? «ገባኝ። አመሰግናለሁ።» «ጥሩ። ቀጥዪበት።» ለቅሶ የሚጽፍ ቁልፍ የለም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ፊደሎቹ ግን ሁሉም ነበሩ።

ከተመለስኩ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። አስተያየቶቹ ቀሩ። በመካከላችን ሁለት ክንድ ብቻ ስለሆነ፣ የምንናገረው ነገር አለቀ።

ሰኞ ጠዋት አክስት ላቪኒያ ወደ ቢሮው ወጡ። የአባታችን ታላቅ እህት ናቸው። በቤተሰባችን ከእሳቸው በላይ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ከጀልባዎቹም ግማሾቹ የእሳቸው ናቸው። ወገባቸውን ለክብር ቀን በሚታጠቁት ሰሌን ታጥቀዋል። በሥራ ቀን እንዲህ ታጥቀው ከመጡ ነገር አለ ማለት ነው።

«ኢኖኬ» አሉ ሳይቀመጡ። «ትናንት ምን ቀን ነበር?»

«እሑድ ነበር፣ አክስቴ።»

«መሆኑን ታውቃለህ። እንግዲያው ኦክላንድ ያለችው የልጄ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ስልኳን ስትከፍት የእኛን ጀልባ ለምን አየች? ‹ዛሬውኑ ይመዝገቡ› ይላል አለችኝ። ዛሬውኑ። በእሑድ።»

«ማስታወቂያው እሑድ እሑድ ይቆማል እኮ። ራሴ ነኝ ያቆምኩት።»

«ታዲያ ማን አስነሳው? አልዓዛር ነው እንዴ?»

ሉሴአኔ ከኋላዬ ሳቋን ስትውጥ ሰማኋት።

አርብ የተጫንኩት ቁልፍ ትዝ አለኝ። ፕሮግራሙ የተቀበልኩትን ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ መዝገቡን ከፈትኩት። ዘጠነኛው ላይ «ማስታወቂያዎ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ይታይ» የሚል ምክር አለ። ከሥሩ በእኔ ስም «ጥሩ ሐሳብ ነው። ከእኔ በኩል ችግር የለም» ይላል። እሑድን መልሼ ዘጋሁት። አክስት ላቪኒያ እስክዘጋው ድረስ አናቴ ላይ ቆመው ጠበቁ።

«የሚመጣው እሑድ እኔው ራሴ አያለሁ» ብለው ወጡ። እሑድ ስልክ እንደማይነኩ ላስታውሳቸው አልደፈርኩም።

ሌላስ ምን ተቀብዬ ይሆን ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። ሃያ ሰባተኛው ላይ ቆምኩ።

ሉሴአኔ ሐሙስ አመሻሽ፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ የጻፈችው ነው። የመጪው ወቅት የሥራ ክፍፍል ሰንጠረዥ ላይ፣ ከራሷ ስም አጠገብ።

«ኢኖኬ፣ ከሐምሌ ጀምሮ በዚህ ረድፍ ላይ ስሜ ባይኖር ምን ይሰማሃል? ወደ ሃፓይ እንድሄድ ተጠይቄአለሁ። የጠየቀኝን ሰው ለአንተ አልጽፍም፣ አንተም አትጠይቀኝ። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። ደግሜ አላነሳውም።»

ከሥሩ፣ በእኔ ስም፣ አርብ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ፦

«ጥሩ ሐሳብ ነው። ከእኔ በኩል ችግር የለም። ቀጥዪበት።»

ደግሜ አነበብኩት፤ ደግሜ። ክፋቱ መልሱ እኔን መምሰሉ ነው። አንድ ቃል እንኳ የእኔ አይደለም ብዬ የምጥለው የለም።

ከኋላዬ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። እህቴ ጠዋቱን ሙሉ ማኅደሮችን እያወረደች በጀርባቸው ላይ በወፍራም ብዕር ስትጽፍ ነበር። ጽዳት መስሎኝ ነበር። ሻይ ልታመጣ ስትወጣ ተነሥቼ አየሁ። «ፈቃድ፤ በየዓመቱ ግንቦት ይታደሳል።» «የጃፓን እንግዶች፤ ከመምጣታቸው በፊት ሦስት ጊዜ ይጽፋሉ፣ ሦስቱንም ጊዜ መልስ።» «የጀልባ ሞተር፤ ካፎአ ሲዋሽ እዚህ እይ።» የምትጽፈው ለእኔ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ካፎአን ወደቡ ጫፍ አገኘሁት። በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ ሥጋ እየበላ ነበር፤ የኮኮናቱ ወተት እስከ ክርኑ ወርዷል።

«ሃፓይ ማን አለ?» አልኩት።

ማላመጡን አቆመ። «ሃፓይ? ብዙ ሰው አለ። ደሴቶች ናቸው እኮ።»

«ካፎአ።»

«አልሰማሁህም። አንተም አልጠየቅከኝም። ወንድሟ ነህ፤ ምን ብዬ ነው ለአንተ የምነግርህ?»

«ከተማው ያውቃል?»

«ከተማው? የከተማው ውሾች ያውቃሉ። አንተ ብቻ ነህ እንዳታውቅ የተደረግከው። ለክብርህ ሲባል ነው፣ አይክፋህ ፕሮፌሰር።» ጣቱን ላሰ። «እንዲያው ስለ አንድ ስለማላውቀው ሰውዬ ላውራህ? ሰሚሲ ይባላል። አስተማሪ ነው፣ ሚስቱ ሞታበታለች፣ መዘምራን ይመራል። በየወሩ በመርከብ ይመጣል። ባሕር ያመዋል። መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሰው ይመጣና፣ ከአንዲት ከማላውቃት ሴት ጋር አክስቷ ባሉበት ሁለት ሰዓት ተቀምጦ፣ ሲያስመልሰው ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰው ቀልዱን ነው ትላለህ?»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ቁልፉ ነገርኩት። ስለ ሃያ ሰባተኛው። ካፎአ ክርኑን በሸሚዙ ጠረገ።

«ማሽኑ ነዋ የዳራት» አለ።

«ምን ላድርግ?»

«ሰርዘው።»

«ብሰርዘው መልሱ መሰረዙን ታያለች። ሃሳቡን ቀየረ፣ አትሂጂ አለኝ ትላለች።»

«እንግዲያው ተወው።»

«ብተወው አሥራ አንድ ዓመት ለጻፍኩለት አንድ መስመር መለሰልኝ ብላ ትሄዳለች።»

«ንገራት እንዳልልህ…» አለና ሳይጨርሰው ቅጠሉን አጣጠፈ። ይህን ጉዳይ ለእህቴ በአፌ ልነግራት እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን።

ለካፎአ ያልነገርኩት ሌላ ነገር ነበር። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ጠርቶኛል። ሐሙስ ጠዋት በኮምፒውተር ቃለ መጠይቅ አለኝ። አገሬ ስመለስ የሆነ ነገር ይጠብቀኛል ብዬ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም፣ እስካሁንም አላገኘሁትም። ሌሊት ስነቃ የት አገር እንዳለሁ የማላውቅበት ጊዜ አለ። ሁለተኛውን ሻንጣዬን አልፈታሁትም። መሄድን ማሰብ የቻልኩት ግን ሉሴአኔ ቢሮው ውስጥ ስላለች ነው። እሷ ከሄደች የምቀረው እኔ ነኝ። ጥያቄዋን በሰዓቱ አይቼው ቢሆን ምን እንደምል አውቃለሁ፤ ማወቄ ነው ያሳፈረኝ።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ አክስት ላቪኒያ ቤት ሄጄ ሁሉንም አወራሁላቸው፤ ከካንቤራው በስተቀር። እንዲህ ያለ ነገር በወንድምና በእህት መካከል ሲነሳ የሚያደርሰው ሦስተኛ ሰው ነው፤ እሳቸውን ነበር ያሰብኩት። ሰሌን እየታቱ ሰሙኝ። የእንጨት ያህል የደረቁ ጣቶቻቸው አንድ ጊዜም አልቆሙም።

«የአንተንና የእሷን ቃል ይዤ ደረጃ ስወጣና ስወርድ አልኖርም፣ ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። «ነገ እመጣለሁ። በመካከላችሁ እቀመጣለሁ። አንተ ለእኔ ትነግረኛለህ። እሷ ጆሮ አላት።»

ረቡዕ መጡ። የሚታቱትን ሰሌን በብብታቸው ይዘው ገብተው በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ወንበር አስቀመጡ። ሉሴአኔ ወደ ወደቡ፣ እኔ ወደ ግድግዳው። ማንም አልዞረም።

«እሺ» አሉ። «ምንድን ነው ያመጣኸኝ?»

«አክስቴ፣ ለሉሴአኔ ይንገሩልኝ። አርብ ዕለት ሰነዱ ላይ ያገኘችው መልስ የእኔ አይደለም። ጥያቄዋን አላየሁትም ነበር። አርባ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ተቀበልኩ። አንዱ የእሷ ነበር።»

አክስት ላቪኒያ አንገታቸውን አዞሩ። «አላየሁትም ነበር ይላል።»

«ይበሉት፣ አውቃለሁ» አለች ሉሴአኔ።

«አውቃለሁ ትላለች።»

«እንዴት አወቀች?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ካፎአ የትንሿ ጀልባ መልሕቅ ባሕር ውስጥ ጠፋ ብሎ ጽፎለት ነበር። ለእሱም አርብ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ‹ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ቀጥልበት› ተብሎ ተመልሶለታል።»

አክስት ላቪኒያ ይህን ለእኔ ለማድረስ ሞከሩ፤ ሳቅ ያዛቸው። ሰሌኑን በአፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅኩ። የሉሴአኔ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሦስታችንም ስንስቅ ማንም ማንንም አላየም።

«ታዲያ ካወቀች ለምን ዝም አለች?» አልኩ፣ ሳቁ ሲበርድ።

ይህን አክስት ላቪኒያ አላስተላለፉም። ጣቶቻቸው ቆመው ነበር። ከታች አንድ ጀልባ ሞተሩን አስነሥቶ ራቀ።

«ይበሉት» አለች እህቴ፣ ለመስኮቱ የምትናገር በሚመስል ድምፅ። «መልሱ ለእኔ ጥሩ ነበር። የእሱን ብጠብቅ ቅሪ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ቅሪ ካለኝ እቀራለሁ ብዬ ጽፌአለሁ። ስለዚህ የማሽኑን ወሰድኩ።»

አክስት ላቪኒያ ወደ እኔ ዞሩ። መድገም አያስፈልግም ነበር።

«ልክ ናት» አልኩ። «ቅሪ ልላት ነበር።»

«ለምን?» አሉ አክስት ላቪኒያ። ይህ የራሳቸው ጥያቄ ነው።

«ለእሷ ብዬ አይደለም። ካንቤራ ጠርተውኛል። እሷ ከቀረች እኔ መሄድ እችላለሁ ብዬ ነው።»

ይህን ስል ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ ደብዘዝ አለብኝ። አንድ ሰው ይነሣል፣ በሩ ይዘጋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ነገ ጠዋት አራት ሰዓት» አለች ሉሴአኔ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ቃለ መጠይቅ። ይበሉት፣ የቀን መቁጠሪያው ከማሻሻያው በኋላ ከሥራ ዝርዝሩ ጋር ተጋብቷል። የሁላችንም ስክሪን ላይ ይታያል። ካፎአም አይቶታል።»

«እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት?» አሉ አክስት ላቪኒያ። «ግማሹ ጀልባ የእኔ ነው፤ ምንም አይታየኝም።»

«እናሳይዎታለን፣ አክስቴ።»

«ተዉት። አሁን ማሽኑንም ተዉት።» ሰሌኑን ጭናቸው ላይ አስተኙት። «እህትህ ጠይቃሃለች። መልስ።»

«ትሂድ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ከማሽኑም መልስ ያጠረ ነበር። አክስት ላቪኒያ አልዞሩም፤ እኔን እያዩ ጠበቁ።

«ይንገሩልኝ» አልኩ። «ይንገሩልኝ፣ አውሎ ነፋስ የዳቦ ፍሬ ዛፋችንን የጣለው ጊዜ፣ ‹የወጥ ቤቱን ጣሪያ በአንድ ክንድ ሳተው› ብላ ጽፋልኝ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ሦስት ፌርማታ አለፈኝ። የቀረውን መንገድ በእግሬ ስሄድ ስለ ዛፉ የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ቤት ደርሼ ‹ገባኝ› ብዬ ጻፍኩላት። ሌላም ጊዜ እንዲሁ ነው። ማታ ማታ ሥራ ሳይኖረኝ ሰነዱን እከፍተው ነበር፣ አዲስ ነገር ጽፋ እንደሆነ ላይ። እዚያ አገር ያ ነበር ቤቴ። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ ምክንያቱም ጽፌው አላውቅም። ከሄደች ይከፋኛል። ከፍቶኝም ትሂድ። ደስ ብሏት ከሆነ የምትሄደው፣ ትሂድ።»

ከኋላዬ የመሳቢያ ድምፅ፣ ከዚያ አፍንጫ የማጽዳት ድምፅ መጣ።

«ደስ ብሎሽ ነው?» አሉ አክስት ላቪኒያ፣ በዝግታ።

«አዎ» አለች። ከዚያ፣ «ይበሉት፣ ይህን ቀደም ብሎ ቢጽፈው ጥሩ ነበር።»

«ራስሽ በይው።»

«አልችልም።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። እንዲያው ነው ያልኩሽ።» ወደ እኔ ዞሩ። «የነገውስ?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው። እቀራለሁ ብል፣ ለእሷ ብሎ ቀረ ተብሎ በጓዟ ላይ ዕዳ እንዲጫንባት አልፈልግም፤ እሄዳለሁ ብልም ውሸት ይሆናል። «ስለ ነገ አላውቅም። ግን ዓሣ ነባሪዎቹ እስኪሄዱ፣ እስከ ጥቅምት፣ በእሷ ረድፍ ላይ የእኔ ስም ይግባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ አያለሁ።»

«እስከ ጥቅምት ይበቃል» አለች ሉሴአኔ። «እስከዚያ ካፎአን ደብዳቤ መመለስ ማስለመድ ይቻላል።»

«እኔን?» አለ ካፎአ ከደረጃው ላይ።

አክስት ላቪኒያ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ከፈት አደረጉት። «አንተ መቼ መጣህ?»

«አሁን ነው የደረስኩት። ስለ ዛፉ ሲያወራ።»

«ውረድ።»

ወረደ፤ ፉጨቱ እስከ ወደቡ ይሰማ ነበር። አክስት ላቪኒያ ሰሌናቸውን ጠቀለሉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«እንግዲህ እኔ ልሂድ። ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት።»

«ይቆዩ» አልን፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ።

በሩ ላይ ቆመው አንዴ የእሷን ጀርባ፣ አንዴ የእኔን አዩ። ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሰሌኑንም ዘረጉት።

«ይበሉት» አለች ሉሴአኔ፣ «ወረቀትና እርሳስ ያውጣ። የምነግረው ረጅም ነው።»

«ረጅም ነው ትላለች።»

«ጊዜ አለኝ ይበሏት» አልኩ።